በኢንተርኔት ያዘዝኩት የገንፎ ዱቄት

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። አባቴ የጠዋቱን የአንድ ለአምስት ስብሰባ ትቶ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። እናቴ ግን ከደጃፍ አላለፈችም፤ "ስትመለሺ መናኸሪያ ድረስ እመጣለሁ" ብላ ቀረች። ጣርማ በር ላይ ጥርሴ ሲንገጫገጭ፣ ከዚህ የባሰ ብርድ በዓለም የለም አልኩ። ኧረ ጉድ! ጀርመን ገብቼ ሳየው የጣርማ በሩ ለካ ቀልድ ነበር።

ባለቤቴ ታደሰ ቀድሞኝ የመጣ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በመጣሁ በዓመቴ አረገዝኩ። ዘጠነኛው ወር ሲገባ አንድ ነገር ዕረፍት ነሳኝ፦ ገንፎ። ሳቁ እንግዲህ! እኔ ግን ወልጄ የሆስፒታሉን ቀዝቃዛ ዳቦና አይብ ስበላ ታየኝና፣ እናት እንደሌላት ሰው ሆድ ባሰኝ። ታደሰ "በኢንተርኔት የማይሸጥ ምን አለ?" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። እውነቱን ነው፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ጤፉ ተደርድሯል። እኛ በኩንታል ለነጋዴ የምናስረክበው ማሾ እንኳ በእፍኝ በእፍኝ ታሽጎ ሳየው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። የገብስ ዱቄትና አብሽ ከአንዲት ሐበሻ ነጋዴ አዘዝኩ።

አድራሻ ጻፊ ሲለኝ ታዲያ፣ በአውቶቡስ ረዳት ዕቃ እንደምንልከው አደረግሁት፦ "ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የታደሰን ቤት ብሎ ለጠየቀ።" በጀርመንኛ ስለጻፍኩት ደግሞ ኮራሁ።

ሳምንት አለፈ፤ ዱቄት የለም። ሆዴን ታቅፌ ዕቃ የሚያድሉበት ቢሮ ሄድኩ።

"አድራሻው የለም። ለላኪው መልሰነዋል" አለኝ ሰውዬው።

"እኔ እኮ አለሁ! ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ።"

"የቤት ቁጥር አልጻፉም።"

"ዳቦ ቤቱን ብትጠይቁ ያውቁኛል።"

"እኛ አንጠይቅም፣ እመቤት።"

አይጠይቁም! ዕቃ ተሸክሞ ሄዶ "የእገሌ ቤት የቱ ነው?" የማይል ሰው እዚያ አየሁ። እያለቀስኩ ገባሁ፤ በማግስቱ ምጥ መጣ። ሴት ልጅ ወለድኩ።

ገና ሆስፒታል ሳለሁ ነጋዴዋ ደወሉ፤ እትዬ ዘይነባ ይባላሉ፣ የከሚሴ ሰው ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ዱቄቱ ተመልሶብኝ መጣ። ይሄ አድራሻ ነው ወይስ መንገድ መምራት?" ብለው ሳቁ።

መውለዴን ስነግራቸው ሳቁን ተዉት።

"አልሐምዱሊላህ! ማን አለሽ?"

"ታደሰ ብቻ ነው ያለኝ።"

"ወንድ ስለ አራስ ምን ያውቃል? አብሽሪ፣ እኔ እመጣለሁ።"

ቤት በገባሁ ዕለት ሦስት ሰዓት በባቡር ተጉዘው፣ ዱቄቱንና አንድ ጠርሙስ ንጥር ቅቤ ይዘው ከች አሉ። ዳቦ ቤቱን ጠይቀው ነው የመጡት! ራሳቸው አገነፉ። መሐሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬውን ሞሉበትና "ብዪ፣ አራስ አትግደረደርም" እያሉ አጎረሱኝ። አንጀቴ ራሰ። እግዜር ይስጣቸው፣ የእናት ያህል ነው የደረሱልኝ።

ወዲያው እናቴ ጋ ደወልን። "ማን አገነፋልሽ?" አለች፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳትለኝ። ስልኩን ለእትዬ ዘይነባ ሰጠኋቸው። ሁለቱ ሳይተያዩ ተመራረቁ፣ ተላቀሱ። ከዚያ እናቴ "ስልኩን ልጅቷ ጆሮ ላይ አድርጊልኝ" አለች። በእኛ አገር ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። አንዴ እልል አለች። ደገመች። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እትዬ ዘይነባ ፈጠን ብለው ሦስተኛውን አቀለጡት። ልጄ በርግጋ ነቃች፤ ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ።

መስመሩ ሲመለስ እናቴ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ "ሦስተኛውን ሰማችው?" አለችኝ።

"ሰማችው፣ እማዬ" አልኳት። የእሷን ግን አልሰማንም።