ከፍራሹ ሥር የነሰነስኩት አበባ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ላይ ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ካሮልተን በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ አፓርታማ ውስጥ ከልጄ ከሰሚራና ከአራት ዓመት ልጇ ከሃያት ጋር እኖር ነበር። ባለቤቴ ዘሀራ ሚያዝያ ላይ ሞተችብኝ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ቤታችን ትኋን ገባ።

የአፓርታማው ማኔጀር መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች እልካለሁ፣ ግን መጀመሪያ ፍራሹ ወጥቶ ይጣል አለ። ያ ፍራሽ ዘሀራ ታማ የተኛችበት፣ የሞተችበትም ነው። በእሷ በኩል ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። እኔ በራሴ በኩል እተኛለሁ እንጂ ወደዚያ አልፌ አላውቅም፤ እዚያ እንድትተኛ የፈቀድኩት ለሃያት ብቻ ነው። "አይወጣም" አልኩ። "ትኋን ማባረር እኔ አውቃለሁ።"

እንዲያው ለአፌ ያህል አልነበረም። ልጅ እያለሁ ወሎ ውስጥ የቤታችን ወለል አፈር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ቁንጫው አያስተኛም። ያኔ እናቴ ከአጥር ሥር ጊሜ ትነቅላለች። ጊሜን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ሽታው አፍንጫ ይወጋል፣ እጅ ታጥበውም አይለቅም። እኔና እህቴ ከድጃ ተሸክመን እናስገባለን። እናቴ ወለሉን ጠርጋ፣ ውሃ አርከፍክፋ ትነሰንሰዋለች፤ ከቁርበቱም ሥር ትጎዘጉዘዋለች። እርጥብ አፈርና ጊሜ አንድ ላይ ሲሸት እንቅልፍ ይዞን ጭልጥ ይላል። ጠዋት ቁርአን ልንቀራ ስንሄድ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው "ጊሜዎቹ መጡ!" ይሉናል። ከድጃ መች ትሰማቸዋለች፣ "እናንተ እከኩ፣ እኛ ተኝተን አድረናል" ትላቸው ነበር።

ታዲያ እዚህ አፓርታማው ከእኛ በታች ያለችው ሜክሲኮዋ ጎረቤታችን በሯ ላይ ማሪጎልድ ተክላለች። አበባው ብርቱካን የመሰለ፣ ድርብርብ ነው። ፀሐይ ካገኘ ብዙ አያስቸግርም፤ ውርጭ እስኪመታው ያብባል። ተባይ ይከላከልልኛል ብላ በቲማቲሟ መሀልም ሰክታዋለች። አንዱን ቅጠል አሸሁት። ያው የጊሜ ሽታ! ሴትዮዋ የሞተ ባሏን ፎቶ አውጥታ፣ አበባው ለሙታን የሚደረግ መሆኑን በእጇም በአፏም ነገረችኝ። የዘሀራን መሞት ስለምታውቅ ለእሷ የፈለግሁት መሰላትና አንድ እቅፍ ቆርጣ ሰጠችኝ። እኔም ለትኋን ነው ሳልላት ተቀበልኩ።

ከፍራሹ ሥርም፣ ከአንሶላውም ሥር ነሰነስኩት። ሰሚራ አየችኝ።

"አባባ፣ ይተዉ፣ ይሄ ነገር ወርክ አያደርግም።"

"አንቺ ስንት ትኋን አባረሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

ሳምንት አልሞላም፤ ሃያት ከምትውልበት የሕፃናት መዋያ ኮል አድርገው ኑና ውሰዷት አሉ። ሰሚራ ይዛት ገባችና ልብሷን ገልጣ ጀርባዋን አሳየችኝ። ከአንገቷ እስከ ወገቧ አብጧል። ትኋኑ ብቻ ይሁን የአበባው ጭማቂም ቆዳዋን አቃጥሎት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አንሶላውን ስገልጠው ፍራሹን ብርቱካንማ ቀለም ነክሮታል። ትኋኖቹ እዚያው አበባው ላይ ይሄዳሉ።

"አያቴ፣ አበባው ነከሰኝ" አለችኝ ሃያት።

ሰሚራ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "አባባ፣ ወይ ፍራሹ ወይ እኛ" ብላ ልጇን ልታጥብ ገባች።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ያኔ ቁንጫው ከአፈሩ ነው የሚመጣው፣ ሽታውን ሲጠላ ወደ ደጅ ይወጣል። እዚህ ወለሉ ምንጣፍ፣ ግድግዳው የጋራ ነው። ትኋኑ ከቤት ቤት ይዞራል እንጂ የሚወጣበት ደጅ የለውም። እናቴ ያወቀችው የራሷን ቤት ነው። እኔ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ሆኜ በእሷ እውቀት ኮራሁ፤ የተነከሰችው ግን ሃያት ናት።

በነጋታው ጠዋት ፍራሹን ብቻዬን ጎትቼ ደረጃውን አወረድኩት። ሰሚራ ልርዳዎት ብትል እምቢ አልኳት። ቆሻሻ መጣያው ጋ አስደግፌው ልመለስ ስል፣ አንዱ ምስኪን ደህና መስሎት ቤቱ ሊያስገባው ይችላል ብዬ የወጥ ቤት ቢላ አመጣሁ። ቢስሚላህ ብዬ በዘሀራ በኩል ጀምሬ ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት።