የሁዳዴ ብስኩት

ወንድሜን ያፈሱት ከገበያ መሐል ነው። ገብስ በአህያ ጭኖ ንፋስ መውጫ ወጥቶ ነበር፤ እኔም ጨውና በርበሬ ልገዛ አብሬው ሄጄ ነበር። ወታደሮቹ ገበያውን ከላይም ከታችም ሲዘጉት ሰዉ ተተራመሰ፣ እንስራ ተሰበረ፣ እህል ተደፋ። እሱ መሮጥ ይችል ነበር፤ እግሩ ፈጣን ነው። አህያውን ጥሎ መሄድ ግን አልሆነለትም። ገመዱን እንደያዘ በሰደፍ አፉን አሉት። ሁለት ጥርሱ አፈር ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አየሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የመታውን ወታደር ክንድ ዘልዬ ነከስኩት። እስኪደማ ነው የነከስኩት፣ አልዋሽም። በጫማው ሆዴን ብሎ ጣለኝ። ቀና ስል ወንድሜ ከሌሎቹ ጋር ሁለት ሁለት እየሆኑ በገመድ ታስረዋል።

እኛ ቤት ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። በሬ የሚጠምድ፣ አጨዳ የሚያጭድ እጅ ከወንድሜ በቀር አልነበረንም። የታፈሱት ልጆች እህል መጋዘን ውስጥ ተዘግቶባቸው በሦስተኛው ቀን መኪና መጥቶ ወደ ደብረ ታቦር እንደሚጭናቸው፣ ከዚያም ሠልጥነው ወደ ጦር ግንባር እንደሚሄዱ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የሄደ ደግሞ ሲመለስ አላየንም። ስማቸው የተጻፈበት ዝርዝር አንድ መቶ አለቃ እጅ ነበር። እሱ ከሰረዘው ተሰረዘ። ከዚያ በፊት ባንደኛው አፈሳ የአንዲት መበለት ልጅ ሰርዞ ለቆ ነበርና እናቴ በዚህ ተስፋ አደረገች።

ግን በምን ይለመናል? አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው ብለው ሙክት በግ ይዘውለት ቢሄዱ «ጉቦኛ ፊውዳል!» ብሎ በሕዝብ ፊት አስገርፏቸዋል። እኒያ የተከበሩ ሰው ጀርባቸው ተልጦ በቃሬዛ ነው የተመለሱት። እናቴ ስታለቅስ አደረች። በማግስቱ ጠዋት የመቶ አለቃውን ልብስ የምታጥብ ጎረቤታችን መጣችና እንዲህ አለች፦ «እሱ እኮ የከተማ ልጅ ነው። ልጅ እግር ነው፣ እናቱ ይናፍቁታል። ሁልጊዜ ‹እዚህ አገር ብስኩት የሚባል ነገር የለም ወይ?› ይለኛል። ብስኩት ምን አላት፣ ጉቦ አትባል።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁበት። «እኔ እሠራለሁ!» አልኩ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የቤት አያያዝ የምታስተምረን ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች መምህርት ነበረች። ከጥራዟ አንድ ብስኩት አስተምራን ነበር፤ በዛፍ ለውዝ ዱቄት ይሠራና መሐሉ ላይ ቼሪ የሚባል ፍሬ ማርማላታ ይገባበታል። ጥራዙን አንብባ ስትጨርስ ራሷ ሳቀች። «ቼሪ ጋይንት ላይ ከየት ይመጣል? በሉ ቆሽም ልቀሙ» አለችን። የዛፍ ለውዙንም በኦቾሎኒ ተካችው። ከክፍሉ ሁሉ የእኔ ብስኩት በለጠና አጨበጨቡልኝ። ያ ጭብጨባ ልቤ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። አሁን ሳስበው ወንድሜን ከማስፈታት እኩል መቶ አለቃው «ይህን ማን ጋገረው?» እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ይህን የምናገረው እያፈርኩ ነው።

ከገበያው ዳር ሱቅ ያለው ሙስሊም ነጋዴ ኦቾሎኒውን ሰፈረልኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው አንድ እፍኝ ጨመረና «አላህ ያውጣው» አለኝ። ስኳሩ ከቀበሌ ራሽን ያተረፍነው ነው። ቆሽሙን ከአጥራችን ለቀምኩ፤ እሾኹ ክንዴን ቦጨቀው። እናቴ ኦቾሎኒውን ቆልታ ወቀጠች፣ ቆሽሙን በስኳር ቀቀለች። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበርን።

ጠቡ የመጣው በቅቤ ነው። እናቴ ለፋሲካ ብላ በቅል ያጠራቀመችው ቅቤ ነበር፣ አራት እንቁላልም ነበራት። እኔ ቅሉን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

«የኑግ ዘይት አለልሽ። በዘይት አድርጊው።»

«እማ፣ በኑግ ዘይት ብስኩት አይሆንም። ጥራዙ ላይ ቅቤ ነው የሚለው።»

«ሁዳዴ ነው እኮ! ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«እኛ አይደለን የምንበላው! ደርግ መቼ ነው የሚጾመው?»

«እሱ ባይጾም እኔ እጾማለሁ። በሁዳዴ ቤቴ ውስጥ ቅቤ አይቀልጥም።»

«እንግዲያው ልጅሽን በኑግ ዘይት አስፈቺው!» አልኳት።

የያዘችውን ማማሰያ ወረወረችብኝና ቅንድቤን ፈነከተችኝ። ደሜ በዓይኔ ላይ ወረደ። እኔም ግትር ነኝ፣ ከማን ልወጣ! ደሜን በቀሚሴ ጠረግሁና ቅሉን ከእጇ ነጠቅሁ። ታገልን። እናትና ልጅ በሁዳዴ ለቅቤ ተያያዝን፣ ጎረቤት ቢያየን ምን ይል ነበር! በመጨረሻ እሷ ለቀቀችው። «እኔ እጄን አላስነካም፤ የነካሽበትንም ዕቃ ለይተሽ አኑሪው» ብላ ከጓዳው ወጣች። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ቅቤውን ከስኳሩ ጋር መታሁት፣ እንቁላሉን ሰበርኩበት፣ የኦቾሎኒውንና የስንዴውን ዱቄት ቀላቅዬ አሸሁት። እያንዳንዷን አድቦልቡዬ መሐሏን በአውራ ጣቴ እየጠቀጠቅሁ ማርማላታውን ሞላሁ። ብረት ድስት ውስጥ ደርድሬ ከታችም ከክዳኑ በላይም ፍም አደረግሁ። የመጀመሪያውን ዙር አሳረርኩት። ድስቱን በእርግጫ ብዬ እግሬን አቃጠልኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ዙር ግን አማረ፤ ዳሩ ወርቅ መሰለ፣ መሐሉ አብረቀረቀ። ቤቱ በሙሉ ሸተተ። ልቅመስ እንኳ አላልኩም፤ ለካ እኔም ጾመኛ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሃያ አራቱን ብስኩት በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን በአነስተኛ ሞሰብ ይዘን ሄድን። መጋዘኑ ጋ ስንደርስ ከውስጥ ሰው እየገረፉ ነው። የአለንጋው ድምፅ ይሰማል፣ የሚገረፈው ሰው ድምፅ ግን አይሰማም፤ አፉን በጨርቅ ደፍነውት ይሆናል። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። ከግቢው አጥር ሥር የታፈሱት ልጆች ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሜን ያወቅሁት በሸሚዙ ነው፤ ፊቱ አብጦ ሌላ ሰው ሆኗል። ሊስቅልን ፈለገ መሰለኝ፣ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም።

መቶ አለቃው በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ዝርዝሩ ፊቱ ነው። እናቴ እስከ መሬት ጎንበስ ብላ ሞሰቡን አስቀመጠች። ጨርቁን ገለጠው። ያ ሰው የሚያስገርፈው ሰውዬ፣ ፊቱ ባንድ ጊዜ ተፈታ። አንዷን አነሳና አሸተታት።

«ይህን ማን ጋገረው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

«ልጅሽ የቱ ነው እማማ?» አላት። እናቴ በጣቷ አሳየችው፣ ስሙን ነገረችው፣ መበለት መሆኗን፣ የሚያርስላት ሌላ ሰው አለመኖሩን ነገረችው። መቶ አለቃው እስክሪብቶውን አነሳ። ዝርዝሩ ላይ ስሙን ፈልጎ ሲያገኘው አየሁ። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ከጀርባው የቆመው ወታደር ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ተናገረ። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። የነከስኩት ሰውዬ ነው። «ይቺ ናት የነከሰችኝ፤ ጓድ መቶ አለቃ፣ ሳያስቀምሱ እንዳይበሉ» ሲለው ሰማሁ። በዚያ ሰሞን በስማዳ በኩል መርዝ የገባበት ጠላ ጠጥተው የሞቱ ወታደሮች አሉ የሚል ወሬ ነበር። እስክሪብቶው ተመልሶ ተቀመጠ።

እኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል። ያቀረበ ሳይቀምስ እንግዳ አይበላም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው የኖረች ሴት ናት። ያን ዕለት ግን እሷም እኔም አላሰብነውም። ከዋዜማው ጀምሮ ያሰብነው እሱ ስለሚበላው ብቻ ነበር።

«ቅመሺ እስቲ እማማ» አላት፣ ገና በደግ ድምፅ።

እናቴ ደነገጠች። «ጌታዬ፣ ሁዳዴ አይደለም ወይ? ቅቤ አለበት።»

«እና ለእኔ ሲሆን ሁዳዴ የለም?»

«አንቱ የመንግሥት ሰው ነዎት። እኔን ግረፏት ይበሉ፣ እገረፋለሁ። ሌላ ያሻዎትን ይዘዙኝ። ይህን ብቻ አይዘዙኝ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለ ባለ ፋሻው። በሰደፍ ትከሻዋን አላት፤ ተደፋች። ጸጉሯን ይዞ ቀና አደረጋትና ብስኩቱን ወደ አፏ አስጠጋ። ጥርሷን ነከሰች። በጥፊ መታት፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አሁንም ጥርሷን እንደነከሰች ናት። ወንድሜ ካጥሩ ሥር «እማ! ብይው! በሞቴ ብይው!» እያለ ሲጮኽ በርግጫ ዝም አሰኙት።

ዘልዬ ሞሰቡ ላይ ወደቅሁ። አንዷን ጎረስኩ፣ ሁለተኛዋን ጎረስኩ፣ ሦስተኛዋን ሳላኝካት ዋጥኳት። «ይኸው! ይኸው በላሁ! መርዝ ከሆነ እዚሁ ልደፋ!» እያልኩ በመቶ አለቃው ፊት ላይ ፍርፋሪ እየበተንኩ ጮኽሁ። ጣፋጭ ነበር። እናቴ መሬት ላይ እየደማች እኔ ብስኩቴ ማማሩን ልብ አልኩ።

መቶ አለቃው ሰዓቱን አየ። «ጥሩ። አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። በደህና ከቆየሽ እሰርዘዋለሁ» አለ።

ተቀመጥን። ሆዴን እያዳመጥኩ፣ እጆቼን እያየሁ ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ መኪናው መጣ። ሾፌሩ ሳይወርድ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሳይመሽ ደብረ ታቦር መግባት አለበት። ልጆቹን በዱላ እየነዱ ይጭኑ ጀመር። ወንድሜ አልሄድም ብሎ መሬት ላይ ተኛ። ሦስት ሆነው ረገጡት፣ እንደ ጆንያ አንስተው ወረወሩት።

እናቴ ያን ጊዜ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ሞሰቡ ሄደች። በሁለት እጇ ዘግና ብስኩቱን ወደ አፏ ጠቀጠቀችው። ከደሟ ጋር ዋጠችው። «በላሁ ጌታዬ! ይኸው እኔም በላሁ! ያውርዱልኝ!»

መቶ አለቃው አላያትም። «የተጫነ አላወርድም፣ ተቆጥሯል» አለና ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘ። መኪናው በአቧራው ውስጥ ገባ። ሰዓቱ ሲሞላ እኔ አልሞትኩም። መቶ አለቃው አንዷን ብስኩት አንስቶ ገመጠ፣ በቀስታ አኘከ። «ደህና ናት፤ ስኳር ያንሳታል» አለኝ።

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ደብዳቤም መርዶም አልመጣልንም። ደርግ ወድቆ የተረፉት ወታደሮች ወደየአገራቸው ሲገቡ እናቴ መንገድ ዳር ወጥታ ስንቱን ልጅ ፊቱን እያየች አሳለፈች። እኔ በዘይት፣ ያለ እንቁላል ጋግሬው ቢሆን እናቴ ገና «ቅመሺ» ሳትባል ትቀምሰው ነበር። ወንድሜን የጫኑት እነሱ ናቸው፣ ይህን አጥቼው አይደለም። ግን እስክሪብቶው የስሙ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ያን ዕለት ከግቢው ወጥተን መንገድ ስንገባ እናቴ ዞራ በጥፊ አለችኝ። ቀጥላ በጡጫ። ወደቅሁ። ካጥር ላይ እንጨት ነቀለችና ጀርባዬን፣ ክንዴን፣ ያገኘችውን ትመታ ጀመር። «ልጄን! ልጄን!» ትላለች በየምቱ። እኔም ልጇ ነበርኩ። መንገደኛው ሊገላግል ሮጠ። ከቤተ ልሔም ገዳም በኩል የሚመጡ አንድ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው መሐል ገቡ።

«ተይ አንቺ ሴት! በሁዳዴ እንዲህ ይደረጋል?»

«የምን ሁዳዴ አባቴ?» አለች እናቴ። «እኔ በልቻለሁ።» እንጨቱን እንደገና አነሳች።

ሰዎቹ እጇን ሊይዙ ሲሞክሩ ከመሬት ሆኜ «ተዉአት» አልኳቸው፤ «ትምታኝ።»