ፖሊሽ አድርገው

ሳህሌ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነው። ስደተኛ ካምፕ እያለ የሰው ጥርስ አራግፏል፤ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገብቶ ሞርስ ሮድ ላይ የትርጉም ቢሮ ከከፈተ ወዲህም በንዴት ሁለት ወንበር ሰብሯል። ክፉ ነው እንዳትሉኝ፤ ብቻ በሥራው ቀልድ አያውቅም።

ሪከንባከር አየር ማረፊያ አካባቢ ያለ አንድ መጋዘን ሥራ ሰጠው። ዕቃ የሚለየው ማሽን በኮምፒውተር ነው የሚታዘዘው፤ አዲሱ መካኒክ ማሬክ ደግሞ ከፖላንድ ገና መምጣቱ ስለሆነ እንግሊዝኛ አይገባውም። መመሪያው በቋንቋው፣ በፖሊሽ፣ ይተርጎምለት ተባለ።

ፍለጋው ሳህሌን ቁም ስቅሉን አሳየው። አንዱ ተርጓሚ ከጸሎት መጽሐፍ ሌላ የማያውቅ ሆነ፤ ሌላዋ የኮምፒውተሩን «ሰርቨር» የምግብ ቤት አስተናጋጅ አድርጋው አረፈች። በስንት መከራ ክሊቭላንድ ውስጥ ኮምፒውተር የምታውቅ ፖላንዳዊት ተገኘች። ሳህሌ በደስታ፣ መኪና እየነዳ፣ ቢሮው ከተቀጠረ ሳምንት ላልሞላውና ስለ ፍለጋው ላልሰማው ለታዴዎስ ድምፁን ቀድቶ ላከለት።

ሰኞ ጠዋት ከመጋዘኑ ተደወለ። ማሽኑ የማሬክን አራት ጣቶች ቆርጦ ጥሏቸዋል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነበር!

ሳህሌ ስልኩን ወርውሮ የታዴዎስ አፍንጫ ላይ ቡጢ አሳረፈበት። ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተረጨ። አንገቱን ይዞ ከግድግዳው አላተመው፤ ሲወድቅ በጫማው ጎኑን ደገመው።

«የሰው እጅ አስበላህ! አንተ ደንቆሮ! ምንድን ነው የሠራኸው?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ለፋሁበት እኮ፣ ጋሼ!» አለ ታዴዎስ ደም እየተፋ። «እንግሊዝኛው ሻካራ ነበር። ‹መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ዝጋ!› የሚለውን እንኳ ‹ቢዘጋ መልካም ነው› ብዬ አሳመርኩት።»

«ማን አሳምር አለህ?»

ታዴዎስ የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣ። የተላከለትን መልእክት ከፈተ። የሳህሌ ድምፅ ከመኪና ጩኸት ጋር ወጣ፦ «ታዴ፣ ይቺን እንግሊዝኛ ቆንጆ አድርገህ ፖሊሽ አድርጋትና ለመጋዘኑ ላክ። አደራ!»

«ፖሊሽ» በእንግሊዝኛ ማሳመርም ማለት ነው፤ ስለ ፖላንድ ደግሞ አንድም ቃል የለም። የሴትዮዋ ስምም የለም። ሳህሌ መልሶ አስከፈተው፤ ያው ነው።

የራሱን ቀኝ እጅ አየ። አምስቱም ጣቶች አሉ፤ የታዴዎስ ደም ነክቷቸዋል።

«ጋሼ ሳህሌ፣» አለ ታዴዎስ ከወለሉ ሳይነሳ፣ «አሁንስ ማንን ሊመቱ ነው?»