ከምርቃቱ በኋላ

ጋሽ አየለን የሮቢት ቆላ ሰው ሁሉ በምርቃታቸው ያውቃቸዋል። እሳቸው የመረቁት ጋብቻ አይፈርስም ይባላል፤ እንዲያው ይባላል እንጂ የገዛ ልጃቸው ትዳር እንኳ ዓመት አልዘለቀም።

የወረዳው ምክር ቤት በተሰበሰበ ቁጥር ባጃጅ ይልክባቸዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተው መድረኩ ላይ ይመርቃሉ፤ ጉባኤው አሜን ይላል፤ አንድ ለስላሳ ጠጥተው ይሸኛሉ። ወጉ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። እሳቸው ግን ከአያታቸው ሰምተዋል። ድሮ ሸንጎ ዋርካ ሥር ሲቀመጥ፣ ትንሹ ትልቁን ፈርቶ ሐሳቡን እንዳይውጥ ንግግር ከታናሽ ይጀምራል፤ ተበዳይ ይሰማል፤ ፍርዱ ይሰጣል። ሽማግሌው ተነሥቶ የሚመርቀው ያኔ ነው። ምርቃት የነገር ማሰሪያ ነበር። የዛሬዎቹ ማሰሪያውን ወስደው ነገሩን ዋርካው ሥር ጥለውት መጡ።

ዘንድሮ ጋሽ አየለ ራሳቸው ነገር ነበራቸው። አምና የሮቢ ወንዝ የሽንኩርት ማሳቸውን ጠርጎ ጓሯቸው ደርሷል። ክረምት ሳይገባ ዳሩ በድንጋይ ካልተገደበ ቤት የሚባል አይኖራቸውም። አፈ ጉባኤዋን ማህሌትን በር ላይ አግኝተው አንዲት ቃል ልናገር ቢሏት፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻቸውና፣ መናገር የሚችለው አባል ብቻ መሆኑን አስረዳቻቸው።

«እርስዎ ምርቃቱን ብቻ፣ ጋሼ።»

ምርቃቱን ብቻ ከሆነ፣ በምርቃቱ እናገራለሁ ብለው ቆረጡ።

«ክረምቱን የበረከት ያድርግላችሁ።»

«አሜን።»

«ከደራሽ ውኃ ይሰውራችሁ።»

«አሜን።»

እዚህ ላይ ነገራቸውን አስገቡ። «ወንዙ ካልተገደበ ዘንድሮ ቤቴን ይወስደዋል።»

«አሜን» አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

ካቀረቀረበት ስልክ ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ማህሌት አመሰገነቻቸውና መዶሻዋን መታ አድርጋ ወደ አጀንዳው አለፈች። ጋሽ አየለ አፈሩ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ መሆኑን በዚህ ዕድሜያቸው ማወቅ ነበረባቸው። ለስላሳውን ሳይነኩት ወጡ።

ባለቤታቸው እትዬ እቴነሽ ከቤታቸው ደጅ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«አሜን አሉ።»

እትዬ እቴነሽ ወንዙን አዩት። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው መዶሻ ይዘው ወጡና፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ከየት በኩል መንቀል እንደሚሻል ጠየቁ።