ክብሪት የሚያህሉ መንገደኞች

ሥራ የጀመርኩት ትምህርት በተዘጋ ማግስት፣ መርሳ፣ ጋሼ ይማም ጓሮ ባለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ጋሼ ይማም ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ ባቡር ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በንጉሡ ዘመን የነበረውን የድሬዳዋ ጣቢያ ከእንጨትና ከዘይት ቆርቆሮ አሳንሰው ሠርተውታል። ሐዲዱ አለ፣ ፉርጎው አለ፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር አለ። ሰው ግን የለም።

«ማዕረግሽ ሰው ፈላጊ ነው» አሉኝ። በዚያው ማዕረግ ይኸው ሦስተኛ ክረምቴን ይዣለሁ።

መለኪያችን የክብሪት እንጨት ነው። ከሱ የበለጠ ሰው በፉርጎው በር አይገባም። በመጀመሪያው ክረምት ክብሪቴን ይዤ የመርሳን ሱቆች ጨረስኩ፣ ወልድያም ድረስ ሄድኩ። ያገኘሁት አንድ የፕላስቲክ ኳስ ተጫዋችና ኬክ ላይ የሚተከሉ ሙሽሮች ነው።

ጋሼ ይማም መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄ ታኬታ ያደረገው ባቡሩን ሊጠብቅ ነው ወይስ ሊለጋው?»

«ሙሽሮቹስ?»

«እነሱማ መኪና ይላክላቸዋል።»

ከዚያ ኮስተር አሉ። «የዛሬ አሥራ አምስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ወልድያ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ አሳየዋለሁ። በዘመኑ ያልነበረ ሰው ከሚቆምበት ባዶውን ይሂድ።»

እኔ ደግሞ ለጓደኞቼ ሁሉ «ሰዎቹ የኔ ናቸው» ብዬ አውርቻለሁ! እንዴት ባዶውን ይሄዳል?

የሚገዛ ከጠፋ ይሠራል። አጥንታቸውን ከመዳብ ሽቦ፣ ሥጋቸውን ከሰም አደረግኩ። ጋሼ ይማም እያስታወሱ ይነግሩኛል፣ እኔ እሠራለሁ። ተሸካሚው ጎንበስ ያለ፣ ትኬት ቆራጩ ባለ ቆብ። ሴቶቹን ግን «የሴት ልብስ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ለኔ ተዉት። ነጠላቸውን ከቁስል ፋሻ ቆረጥኩ፣ ጥለቱን በቀይ ክር ሰፋሁ። ተመልካች ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው ብዬ፣ ጥለቱ ጎልቶ እንዲታይ ወደ አንገታቸው አዞርኩት። አሥራ አራት ሴቶች። ወላሂ ያምሩ ነበር!

ለቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀር ጥጥ ፈታይዋ ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ሊያዩ መጡ። ገና ጎንበስ እንዳሉ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ።

«ኧረ እኔን! ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። ባቡር እየጠበቁ ነው።»

«ታዲያ ጥለቱን ወደ አንገቱ ያዞረ ሐዘንተኛ አይደለም እንዴ? ልጄ፣ ጣቢያውን ለቅሶ ቤት አደረግሽው እኮ!»

ጋሼ ይማም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የኔ እንባ ግን የሳቅ አልነበረም። ሂጃብ እንጂ ነጠላ ለብሼ አላውቅ፣ በምን አውቄ?

«አብሽሪ» አሉኝ ጋሼ ይማም። «ጥፋቱ የኔም ነው። ዓይኔ ባቡሩ ላይ ነበር።»

እትዬ ወርቅነሽ የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው እኔኑ አለበሱኝ። ለመንገድ እንዲህ፣ ለገበያ እንዲህ፣ ለሐዘን እንዲህ እያሉ በትከሻዬ ላይ አሳዩኝ። ከዚያ ፋሻውን እየፈታን ሴቶቹን እንደገና አለበስናቸው። አሥራ ሦስቱን ጨርሰን የመጨረሻዋን ላነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«ይቺን ተያት። ባቡር ላይ ሐዘንተኛ አይጠፋም።»

ጋሼ ይማም ተሸካሚውን አንሥተው፣ ጓዟን እንዲይዝላት አጠገቧ አቆሙት።

ቅዳሜ ሰዎቼ በእንቁላል ካርቶን ተደርድረው ወልድያ ገቡ። አዳራሹ ሞላ። ከግራና ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ባቡሩን አልፈው፣ ሰዓቱን አልፈው፣ ሐዘንተኛዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ፣ ልጄ» አሏት።

ጋሼ ይማም በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። «አሚን በይ እንጂ! ሰዎቹ ያንቺ አይደሉም?»

«አሚን» አልኩ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቅኩ።

አሁን መርፌ ከማንሣቴ በፊት ልብሱን ለብሶ የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ።