ሰማያዊው መድኃኒትና ምች

ወንድሜ ከቀበሌ እስር ቤት አምልጦ ሲመጣ በጉልበቱ እየዳኸ ነበር። ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ሽቦ ገርፈው ገርፈው ሥጋው ተገልብጧል። እህል በረንዳ ካለው መጋዘናችን ጓሮ፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣ ከጤፍ ጆንያ ጀርባ ደበቅነው። ሰፈሩን አብዮት ጠባቂ ሞልቶታል፤ ካገኙት እንደማይምሩት እኔም እናቴም እናውቃለን።

በሳምንቱ ቁስሉ አመረቀዘ። ላዩን የሚያዳልጥ ልጋግ መሳይ ነገር ሸፈነው፤ በጨው ውሃ ባጥበው፣ ቴትራሳይክሊን ፈትቼ ብነሰንስበት ተመልሶ ይመጣል። እሱ ድምፁ እንዳይሰማ ጆንያ ነክሶ ያቃስታል። እኔ ብስጩ ነኝ እንጂ አልቃሻ አይደለሁም፤ ያን ሳምንት ግን አለቀስኩ።

ሶማሌ ተራ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ድሬሰር ለምኜ አመጣሁ። ልጋጉን እስኪደማ ድረስ በፋሻ ፈቅፍቀው አነሱና ሰማያዊ ፈሳሽ ቀቡት።

«ይሄ ብቻውን ቀለም ነው» አሉኝ። «ጀርሙን የሚገድለው ብርሃን ሲያርፍበት ነው። በየቀኑ ፀሐይ ይንካው።»

«ጋሼ፣ እዚህ ጨለማ ውስጥ ፀሐይ ከየት ላምጣለት?»

«እሱን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

በነጋታው ከጣራው አንድ ቆርቆሮ ፈነቀልኩ። ፀሐይዋ ልክ እግሩ ላይ አረፈች። ዞር ስል እናቴ በነጠላዋ ሸፍናዋለች። ቁስል ፀሐይ ካየ ምች ይመታዋል ባይ ናት። እኔ ስገልጥ እሷ ስትሸፍን ሦስት ቀን አለፈ፤ እብጠቱ ወደ ቅልጥሙ ወጣ። በአራተኛው ቀን ነጠላዋን ከእጇ መንጭቄ ቦጫጨቅኩት።

«ልጅሽን የምትገድይው አንቺ ነሽ» አልኳት፣ የገዛ እናቴን።

በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አልሸፈነችውም።

በሁለት ሳምንት ልጋጉ ጠፋ፤ ቁስሉ ቀይ ሥጋ አበቀለ። አንድ ጠዋት ግድግዳ ይዞ ቆመ። እናቴ እልል ልትል ስትል አፏን በመዳፌ አፈንኩት።

በማግስቱ መጡ። ጎረቤት ጣራ ላይ ወጥቶ የነበረ ጠባቂ የተፈነቀለውን ቆርቆሮ አይቶ ኖሯል። በሩን ገነጠሉት፤ ፊታቸው ብቆም ጥርሴን በሰደፍ አረገፉት። ወንድሜን «ተነስ» አሉት፤ ተነሳ። መጎተት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ባዳንኩለት እግር ተራምዶ ወጣ። አጥሩ ሥር አቁመው ተኮሱበት።

ማልቀስ ክልክል ነበር። ከወሎ የመጣ ዘመድ ልጅሽን ምን አገኘው ብሎ ሲጠይቃት፣ እናቴ ዓይን ዓይኔን እያየች «ምች መታው» ትላለች።