ለፕላዝማው መምህር የቀረበ ምልጃ

በፕላዝማ የምንማርበት ዘመን ነበር። አንድ መምህር ከሩቅ ሆኖ በቴሌቪዥን የአገሩን ተማሪ ሁሉ ያስተምራል፤ የእኛው መምህር ጥግ ቆሞ ይቆጣጠራል። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሌሊት እየሠራሁ ክፍል ውስጥ እተኛለሁ። መምህራችን መረረውና «ተባረሃል፤ ወላጅህ መጥቶ ይውሰድህ» አለኝ። ከትምህርት ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

አባቴ ከቦሩ ሜዳ መጣ። ክፍል ሲገባ መጋረጃው ተጋርዶ የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን ፊታችን ላይ እንደ ውሃ ይንሳፈፋል። እንቅልፍ ተጫጭኖኝ ስለነበር ሁሉም ሕልም መሰለኝ። አባቴ መምህራችንን አልፎ፣ ጋቢውን አደግድጎ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ ጌታ። ልጄ የሚያንቀላፋው ሌት ስለሚሠራ ነው። በአላህ ይማሩልኝ!»

የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅበት ሰዓት ነበርና ዝም ብሎ ተመለከተው። ከዚያ ሰውዬው ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» አለ።

«አላህ ያክብርዎ!» አለ አባቴ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህራችንም እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«እሳቸው ከማሩት እኔ ምን እላለሁ፣ አባባ? ይቀመጥ።»

በር ድረስ ስሸኘው አፍሬ ነበር።

«አባዬ፣ የቴሌቪዥን ሰው እኮ አይሰማም» አልኩት።

«አጣሁት ብለህ ነው? እኔ የጠበቅሁት ጥግ የቆመው መምህርህ እስኪስቅ ነው።»